ተሳቢ ለሚጎትት ተሽከርካሪ የተራራ መንገድ እንዴት ይመረጣል?

ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚሻገር የጭነት መኪና ጎሐ ጽዮንን ከለቀቀ በኋላ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶም ይህንኑ የሚያህል ዳገት ወጥቶ ደጀን ይገባል። በቀላል አውቶሞቢል ለሚጓዝ ሰው ይህ መንገድ ቆም እያለ የሚያየው ድንቅ መልክዓ ምድር ነው። ተሳቢ ይዞ ለሚወርድ አሽከርካሪና ለረዳቱ ግን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ጋቢና ውስጥ መግባት ከጀመረ በኋላ የሚቀር ምርጫ ብዙ የለም።

በቁልቁለት ላይ ስለሚደርስ አደጋ ሲወራ ምክንያቱ በአብዛኛው «ፍሬን እንቢ አለው» በሚል አጭር ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። አነጋገሩ ፍሬኑ በድንገት ሐሳቡን የለወጠ ያስመስለዋል። እኛ እንደምናየው ግን ፍሬኑ የሚሸነፈው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ነው፤ ይኸውም በየትኛው መንገድ፣ ምን ያህል ጭነት ተጭኖ፣ በምን ፍጥነት ይወረዳል የሚለው ሲወሰን ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ ሁለት መንገዶች ወደ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ከሆነ፣ ተሳቢ ለሚጎትት ተሽከርካሪ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ሞተር ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ላይ ማወቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የሚያስፈልገውም ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚያልፍ አይደለም።

ከፍታ የተከማቸ ጉልበት ነው

መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በአንድነት 50 ቶን፣ ማለትም 500 ኩንታል ይመዝናሉ እንበል። በተራራ አናት ላይ የቆመ ዕቃ ሁሉ እምቅ ጉልበት አለው፤ መጠኑም ክብደቱ በከፍታው ሲባዛ የሚገኘው ነው። 50,000 ኪሎ ግራምን በ9.8 እና በ1,400 ሜትር ብናባዛ 686 ሚሊዮን ጁል እናገኛለን። ቁጥሩ ለብቻው ብዙ ስለማይነግረን ወደ ቤታችን ቋንቋ እንመልሰው፤ ይህ ጉልበት 2,000 ሊትር፣ ማለትም ዐሥር በርሜል ቀዝቃዛ ውሃን እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው።

ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። መኪናው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ በአናት ላይ ከነበረው ፍጥነት የበለጠ እንዳይኖረው ከተፈለገ ያ ሁሉ ጉልበት በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ መውጣት አለበት። መውጫ በሮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የጎማው ሰበቃና የአየሩ ግፊት፣ ሁለተኛው ሞተሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፍሬኑ ነው። ቀሪው ጽሑፋችን በሙሉ የሚያጠነጥነው ሦስተኛው በር እጅግ ጠባብ መሆኑ ላይ ነው።

ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እንመልከት። ስድስት አክስል ያለው መኪናና ተሳቢ 12 የፍሬን ታምቡር ይኖረዋል። የእያንዳንዱን ታምቡር ክብደት 50 ኪሎ ግራም ብንወስድ በድምሩ 600 ኪሎ ግራም ብረት ነው። የጎማው ሰበቃ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛውን ቢወስድልንና ቀሪው በሙሉ ታምቡሮቹ ውስጥ ቢቀር፣ ሙቀታቸው ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይጨምር ነበር። ታምቡር የሚሠራበት ብረት ግን በ1,200 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በተግባር ብረቱ የማይቀልጠው ነፋስ ስለሚያቀዘቅዘውና ሞተሩም ድርሻውን ስለሚሸከም ነው። ነገር ግን ፍሬን ከመቅለጡ እጅግ ቀደም ብሎ ይከዳል።

ፍሬን የሚከዳው እንዴት ነው?

የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍተው የሚሽከረከረውን ታምቡር ሲጫኑት ነው። ታምቡሩ ሲሞቅ እንደ ማንኛውም ብረት ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። ሸራውን የሚገፋው በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ዘንግ ደግሞ ሊጓዝ የሚችለው ርቀት የተወሰነ ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ቢረግጥም ዘንጉ ርቀቱን ይጨርስና ሸራው ታምቡሩን በሚገባ ሳይጫነው ይቀራል። በዚህ ላይ ሸራው ራሱ ከመጠን በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ማጣበቂያ መበስበስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ሰበቃም ይቀንሳል። ሰበቃው ሲቀንስ አሽከርካሪው አብዝቶ ይረግጣል፣ አብዝቶ ሲረግጥ ሙቀቱ ይብሳል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ በመነካካት ያሳርፉት ይመስላቸዋል። በአየር ለሚሠራ ፍሬን ይህ ሌላ ጉዳት አለው፤ እያንዳንዱ መርገጥ ከአየር ማጠራቀሚያው ይቀንሳል፣ ኮምፕረሰሩ ደግሞ መልሶ የሚሞላው በሞተሩ ዙር ልክ ነው። የጋለውን ታምቡር ውሃ አፍስሶ ማቀዝቀዝም አይመከርም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ሞተር ሲገታ፣ «ፎሌ» ሲገፋ

ሁለተኛው በር ሞተሩ ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ ሳይሰጥ በከባድ ማርሽ ሲወርድ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም በዚያን ጊዜ እንደ አየር መጭመቂያ ሆኖ ጉልበት ይበላል። የጭስ ማውጫውን የሚዘጋው ፍሬን ሞተር ሲጨመርበት የሚበላው ጉልበት ከፍ ይላል። የሞተር ሙቀት በጭሱና በራዲያተሩ በኩል ስለሚወጣ ሞተሩ ለሰዓታት ቢገታም እንደ ታምቡር አይከዳም። ይሁንና ሞተሩ በደንብ የሚገታው ዙሩ ከፍ ሲል ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በቀስታ እየተጓዙ ዙሩን ከፍ ማድረግ የሚቻለው ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ማርሹ የሚመረጠውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍጥነት ከተጨመረ በኋላ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ለመመለስ መሞከር ብዙውን ጊዜ ማርሹ እንቢ ብሎ በፎሌ መቅረትን ያስከትላል።

ስለ ፎሌ ከተነሣ አንድ የቆየ እምነት ማረም እንወዳለን። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ የተለመደ ነው። ነገር ግን በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጥ የሚወርድ የናፍጣ ሞተር፣ ዙሩ ከዝቅተኛው በላይ እስከ ሆነ ድረስ፣ ነዳጅ መርጫው ራሱ ስለሚዘጋ ምንም ነዳጅ አይወስድም። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። እንግዲህ በፎሌ የሚወርድ ሰው የሞተሩን መገታት ያጣል፣ ኮምፕረሰሩን ያዳክማል፣ ነዳጅም ይጨምራል። በሕይወት የሚደረግ ቁጠባ ቢሆን እንኳ ባልተባለ ነበር፤ ቁጠባውም የለም።

ፍጥነት በእጥፍ፣ ሸክም በአምስት እጥፍ

አሁን ወደ ዋናው ስሌት እንግባ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ተዳፋት በአማካይ 7 በመቶ ነው፤ ይህም ማለት በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 50 ቶን የሚመዝነውን ተሽከርካሪ ቁልቁለቱ 3.5 ቶን ክብደት በሚያህል ኃይል ወደፊት ይገፋዋል። በመልካም አስፋልት ላይ የጎማው ሰበቃ ከክብደቱ 0.7 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 0.35 ቶን ያህሉን ይመልሳል። ለሞተሩና ለፍሬኑ የሚቀረው ግፊት 3.15 ቶን ነው። ሞተሩና ፍሬን ሞተሩ በአንድነት በሙሉ ዙር 130 ኪሎ ዋት መሸከም ይችላሉ ብለን እንውሰድ።

መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በየሰከንዱ መውጣት ያለበት ጉልበት 171 ኪሎ ዋት ነው። ሞተሩ 130ውን ይወስዳል፤ ለፍሬኑ 41 ኪሎ ዋት ይቀራል። ይህ ለ12 ታምቡር ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 3.4 ኪሎ ዋት ይደርሰዋል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደውም ይህንኑ ያህል ነው። አንድ ታምቡር የአንድ ምጣድ ሙቀት ይዞ፣ ነፋስ እያገኘ፣ ሊቋቋመው ይችላል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወርድስ? መውጣት ያለበት ጉልበት የአየሩ ግፊት ከተቀነሰለት በኋላ 338 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሞተሩ ግን ዙሩ ጣሪያ ስለ ደረሰ ከ130 በላይ አይሸከምም። ስለዚህ ቀሪው 208 ኪሎ ዋት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ለእያንዳንዱ ታምቡር አምስት ምጣድ ያህል ማለት ነው። ፍጥነቱ ያደገው በእጥፍ ነው፤ የፍሬኑ ሸክም ግን በአምስት እጥፍ አደገ። አሽከርካሪዎች «ትንሽ ብቻ ፈጠን አልኩ» የሚሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የታምቡሩ ሙቀት ግን በትንሹ አያድግም።

ፍጥነቱን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብናደርገውስ? 15 ሲባዛ በቀሪው ግፊት 130 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። በዚህ ፍጥነት ሞተሩ ብቻውን መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለጠመዝማዛውና ለድንገተኛ ነገር ቀዝቅዞ ይቆያል። ይህን ፍጥነት የሚዛን ፍጥነት ብለን እንጥራው። ለእያንዳንዱ መንገድና ለእያንዳንዱ ጭነት የየራሱ የሚዛን ፍጥነት አለው፤ መንገድ ስንመርጥም በመጀመሪያ ማስላት ያለብን ይህንን ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ 12ቱም ታምቡሮች በእኩል ይሠራሉ ብለናል። የተሳቢው ፍሬን ካልተስተካከለ ወይም የአየር ቱቦው በደንብ ካልተገጠመ የ50 ቶኑ ሸክም በመኪናው ስድስት ታምቡሮች ላይ ይወድቃል፤ የእያንዳንዱም ድርሻ እጥፍ ይሆናል። ከዚህም በላይ የማይያዝ ተሳቢ በጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ከኋላ ገፍቶ ያጥፈዋል። ስለዚህ ለተሳቢው ፍሬን የሚደረገው ምርመራ ለመኪናው ከሚደረገው ማነስ የለበትም።

አጭሩ ወይስ ለስላሳው?

ሁለት መንገዶች ከአንድ አናት ወደ አንድ ሸለቆ ይወርዳሉ እንበል። አንደኛው 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 7 በመቶ ተዳፋት ያለው፣ ሁለተኛው 35 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 4 በመቶ ተዳፋት ያለው ነው። ሁለቱም 1,400 ሜትር ይወርዳሉ። በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው «ይቀርባል» ተብሎ ይመረጣል።

በሚዛን ፍጥነት እናስላው። በ4 በመቶ ተዳፋት ላይ ቁልቁለቱ 50 ቶኑን የሚገፋው በ2 ቶን ኃይል ነው፤ ጎማው 0.35ቱን ሲመልስ 1.65 ቶን ይቀራል። ይኸው ሞተር ይህን ግፊት በሰዓት እስከ 29 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻውን ይይዘዋል። 35 ኪሎ ሜትሩ በዚህ ፍጥነት 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። 20 ኪሎ ሜትሩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወረድ ደግሞ 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይፈጃል። ረጅሙ መንገድ ቀድሞ አደረሰ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በረጅሙ መንገድ ጎማው ለብዙ ኪሎ ሜትር ሰበቃውን ሲያዋጣ ስለሚቆይ ለሞተሩ የሚተርፈው ሥራ ያንሳል። አጭሩ መንገድ ፈጣን የሚሆነው ፍሬኑን በማቃጠል ብቻ ነው።

የዚህን ነገር እውነትነት በአገራችን መንገዶች ላይ ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዓባይ ቁልቁለት ብዙም አያንስም። ከባድ መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበትም ያንኑ ያህላል። ይሁን እንጂ በዚያ መስመር ከዳር እስከ ዳር የፍሬን ሽታ የሚያስጨንቀው የለም። ምክንያቱም ያ ከፍታ በ225 ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቷል፤ አማካይ ተዳፋቱ 0.6 በመቶ ያህል ነው። ይህ ደግሞ ከጎማው ሰበቃ ያነሰ ነው። በመካከሉ ያሉት ጉብታዎች ባይኖሩ ኖሮ መኪናው እየወረደም እንኳ ነዳጅ ይፈልግ ነበር።

ካርታ ላይ ያለው አማካይ ምን ይደብቃል?

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት የሚልክ የስምሪት ክፍል ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበርና በሸዋ ሮቢት በኩል የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው በአዋሽና በሚሌ ዞሮ በባቲ በኩል የሚገባው ሲሆን ከመጀመሪያው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የመንገዶቹን ጸጥታና ክፍት መሆን የሚመለከተው አካል የሚናገረው ስለ ሆነ እኛ ስለ መሬቱ ብቻ እንናገራለን።

የጣርማበር በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ አማካይ ተዳፋቱ ከ4 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ከዓባይ እጅግ የቀለለ ቁልቁለት ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ሜዳውንና ገደሉን አንድ አድርጎ ይደብቃል። ከዋሻው ወዲያ ያለው የላይኛው ክፍል ተዳፋቱ የበረታና ጠመዝማዛው የበዛ ነው፤ በታችኛው ክፍል ላይ ያለው ረጋ ያለ መሬት አማካዩን ዝቅ አደረገው እንጂ ለላይኛው አይደርስለትም። በክረምት ጉሙ ሲጨመር ደግሞ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ዙሪያ ሳያይ የሚገባበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ መንገድ የሚመዘነው በአማካዩ ሳይሆን በሁለት ነገሮች ነው፤ እጅግ ቁልቁል የሆነው ክፍል ስንት በመቶ ነው? እሱስ ሳያቋርጥ ስንት ኪሎ ሜትር ይዘልቃል? ሁለቱንም 1 ለ50,000 በሆነ መልክዓ ምድራዊ ካርታ ላይ ማወቅ ይቻላል። በካርታው ላይ መንገዱ የከፍታ መስመሮችን የሚያቋርጥባቸውን ነጥቦች ቆጥሮ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በክር መለካት ይበቃል። በሁለት መስመሮች መካከል የ20 ሜትር ከፍታ ልዩነት ካለና መንገዱ በካርታው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ከተጓዘ፣ ያ 200 ሜትር ነው፤ ተዳፋቱም 10 በመቶ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ያሉ ካርታዎችም ሥራውን ያቀልሉታል። አጭሩን መንገድ የሚጠቁመን ስልክ ግን በአብዛኛው የምንጎትተውን አያውቅም።

የሚሌው መስመር ኮምቦልቻ ለመድረስ በመጨረሻ ዳገት ያስወጣል፤ ከሚሌ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 1,350 ሜትር ይወጣል። ዳገት ግን በከፋ ጊዜ መኪናን ያቆማል እንጂ አያሮጥም። በአንጻሩ መስመሩ ረጅም በመሆኑ ነዳጅና ሰዓት ይፈጃል፤ የቆላውም ሙቀት ጎማን ይጎዳል። የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። ሙሉ ጭነት ላለው፣ ፍሬን ሞተሩ ደካማ ለሆነና በክረምት ለሚጓዝ ተሳቢ የሚሌው መስመር ይመረጣል። ቀለል ላለ ጭነት ወይም ጠንካራ ፍሬን ሞተር ላለው አዲስ መኪና፣ በበጋና በቀን ከሆነ፣ ጣርማበር በቂ ነው። ባዶውን ለሚመለስ መኪና ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ 50 ቶን የነበረው 18 ቶን ሲሆን ሞተሩ ብቻውን የሚይዝበት ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ በመሄጃና በመመለሻ አንድ መንገድ መጠቀም ግዴታ አይደለም።

ጠመዝማዛና ርዝመት

የተሳቢ ጎማ የሚሄደው የፊተኛው ጎማ በሄደበት አይደለም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የመዞሪያው ግማሽ ዲያሜትር 15 ሜትር በሆነ ጠባብ ዙሪያ ላይ፣ ከመገጣጠሚያው እስከ ኋላ አክስሉ 8 ሜትር የሆነ ሰሚ ትሬለር በፓይታጎራስ ሕግ ስናሰላው 2.3 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ያው 8 ሜትር በሁለት መገጣጠሚያ ተከፍሎ አራት አራት ሜትር ቢሆን የሚቆርጠው 1.1 ሜትር ብቻ ነው። ባለ ሁለት መገጣጠሚያው ተሳቢ በጠባብ ዙሪያ የተሻለ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ልክ ግን የሚታጠፍበት ቦታ ስለ በዛ፣ በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ የመወላገድና የመግፋት ጠባዩ የከፋ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የሚወርድ ሰው ይህን ልዩነት በየዙሪያው ያየዋል። ረጅም ሰሚ ትሬለር የተቃራኒውን አቅጣጫ ሳይዝ መዞር የማይችልባቸው ዙሪያዎች ባሉበት መንገድ ላይ ረዳቱ ወርዶ ከፊት የሚመጣውን ማስቆሙ ጨዋነት ብቻ አይደለም።

በቀላል መኪና ትንሽ ተሳቢ ወይም ተጎታች ቤት ለሚስቡም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ አንድ ነገር ግን እንጨምርላቸዋለን። በእነዚህ ተሳቢዎች ላይ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ጫፍ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ቁልቁለት ደግሞ ውዝዋዜውን ያብሰዋል።

ዳገቱና ስስ አየሩ

ስለ ዳገት በአጭሩ እንናገራለን። በ7 በመቶ ዳገት ላይ 50 ቶን ለማውጣት የሚያሽከረክሩት ጎማዎች በ3.85 ቶን ኃይል መግፋት አለባቸው። በእነሱ ላይ ያረፈው ክብደት 10 ቶን ብቻ ከሆነ ከአስፋልቱ ጋር የሚያስፈልጋቸው ሰበቃ 0.38 ነው። ሁለት የሚያሽከረክሩ አክስሎች 18 ቶን ከተሸከሙ ግን 0.21 ይበቃቸዋል። ጭቃ የተቀባ እርጥብ አስፋልት ከ0.3 በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መኪና በክረምት ጎማው እየዞረ ባለበት ይቆማል። እንዲህ ያለው መኪና ታኮ ሳይደረግለት ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ቁልቁለት ወረደ ማለት ነው፤ ያውም በጀርባው።

ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብና ከዚያም በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ አቅሙ ይቀንሳል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ሞተሩ ሲገታም የሚጨምቀው ይህንኑ ስስ አየር መሆኑን ነው። ቁልቁለቱ በሚጀምርበት አናት ላይ ፍሬን ሞተሩ ከታች ካለው ይልቅ ይዳከማል፤ ታምቡሩን የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ የሳሳ ነው። የላይኛውን አምስት ኪሎ ሜትር ከስሌቱ በታች በሆነ ፍጥነት መጀመር የሚገባው ለዚህ ነው።

ማምለጫ ያለው መንገድ

በአሜሪካ በከባድ መኪና የሚተዳደሩ ወገኖቻችን በኮሎራዶ ያለውን ኢንተርስቴት 70 ያውቁታል። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ተዳፋቱ 7 በመቶ ይደርሳል። በመንገዱ ዳር ፍሬን ለከዳቸው መኪኖች የተሠሩ፣ ወደ ላይ የሚወጡና በልል ጠጠር የተሞሉ ማምለጫዎች አሉ። ጎማ በልል ጠጠር ውስጥ ሲሰምጥ ሰበቃው ከክብደቱ ሩብ ያህል ሊደርስ ይችላል። የ10 በመቶ ዳገት ሲጨመርበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና 112 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በዚያው አካባቢ አደገኛ ጭነት የያዙ ቦቴዎች በመደበኛው ጊዜ በዋሻው ውስጥ እንዲያልፉ ስለማይፈቀድላቸው 3,655 ሜትር ከፍታ ባለው በላቭላንድ በር ዞረው ይወጣሉ። እነሱን የሚመለከተው ስሌት የቁልቁለት ብቻ አይደለም፤ ዋሻ ውስጥ የሚነሣ እሳትም ተቆጥሯል። መንገድ ስናወዳድር ማምለጫና ሰፋ ያለ የመቆሚያ ቦታ መኖሩን ማየት ተገቢ ነው፤ ጠጠር ያለበት 100 ሜትር ቦታ የከዳን ፍሬን ያህል ይሠራል።

ምርጫ በሌለበት

ከሸዋ ወደ ጎጃም ሲኬድ ዓባይን ሳይሻገሩ ማለፍ የለም። በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሩን አቀለለው እንጂ ቁልቁለቱን አላሳጠረውም። የሸለቆው መሬትም በየጊዜው ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሸበሸባል፤ ትናንት የነበረው ዙሪያ ዛሬ እንደ ነበረ ላይገኝ ይችላል። መንገዱን መምረጥ ካልተቻለ ክብደቱን፣ ሰዓቱንና ፍጥነቱን መምረጥ ይቻላል። 50 ቶኑን ወደ 40 ቶን ማውረድ የሚዛን ፍጥነቱን በሰዓት ከ15 ወደ 19 ኪሎ ሜትር ያሳድገዋል።

ለስምሪት ክፍል የሚሆን የጉዞ ሰዓት እንዲህ ሊወጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ መኪና 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። እዚያ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፤ አሽከርካሪው የመኪናውንና የተሳቢውን የፍሬን ዘንግ ርዝመት፣ የአየር ቱቦዎቹንና የመጎተቻውን ማያያዣ ያያል፣ ረዳቱ ታምቡሮቹ አለመሞቃቸውን እጁን ሳያስነካ በማስጠጋት ይመረምራል። 5 ሰዓት ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በዝቅተኛው ተስማሚ ማርሽ ይገባል። ፍጥነቱ ከተወሰነው ካለፈ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በሰዓት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ካወረደ በኋላ ፈጽሞ ይለቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ በቀላሉ እየነካ አይወርድም። በዚህ አካሄድ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድልድዩ ዘንድ ይደርሳል፤ የክረምት ዝናብ በብዛት የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ስለ ሆነ ዳገቱንም በደረቅ አስፋልት ለመውጣት ጊዜ ይኖረዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሚወርደው መኪና የሚዘገየው በ49 ደቂቃ ነው፤ ይህም የምሳ ሰዓት ያህል ስለ ሆነ በስምሪት ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ለአሽከርካሪው ሊሰጠው ይገባል።